ከሰንበት በፊት የተንኳኳ በር

ቄስ መንገሻ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንድ እጃቸውን ከግድግዳው፣ ሌላውን ከጃንጥላቸው ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አያ ቢረሳው ከኋላቸው የደረጃውን ብረት ጨብጠው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። የሕንፃው አሳንሰር ከተበላሸ ሰንብቷል፤ በዚህ ሰፈር አሳንሰር ሲበላሽ ሽማግሌው ከቤት መውጣት ይተዋል እንጂ አሳንሰሩ አይሠራም።

ከሁለቱ ሽማግሌዎች ዝቅ ብሎ አለምነህ ቆሟል። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ሴት ልጁን ለውትድርና አድርሷል፤ እስራኤል ውስጥ ያቭኔ በምትባል ከተማ ባለው ፋብሪካ ብዙ ሰው በእሱ ትእዛዝ ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ግን እንስራ ሰብሮ ደጅ እንደቆመ ልጅ የጫማውን አፍንጫ ያያል።

«ስንት ቀረን?» አሉ ቄስ።

«አንድ ፎቅ ነው አባ። ማረፍ ከፈለጋችሁ…»

«ማረፉ እላይ ይሁን» አሉና መውጣት ቀጠሉ። ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ ያለው ሰው አልነበረም።

ይዘውት የሚወጡት ነገር ክፉ አልነበረም። የቤት ነገር ነው። አለምነህና ሚስቱ ናአማ ጋን ያቭኔ ውስጥ ቤት አግኝተዋል። ጋን ያቭኔ በያቭኔና በአሽዶድ መካከል ያለች ጸጥተኛ ከተማ ናት፤ እሱ ያቭኔ ይሠራል፣ ናአማ አሽዶድ ነርስ ናት፣ ለሁለቱም መንገዱ ያጥራል። ታናሹ ኦሸር ጥሩ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ተሰብስቦ የሚጮህ ጎረምሳም አይኖርም። ናአማ ይህን ሁሉ ስትዘረዝር አለምነህ አንዱንም መቃወም አልቻለም። መቃወም ያልቻለ ሰው ደግሞ ተስማማ ይባላል።

ያስቸገረው የእናቱ ነገር ነው። ቂርያት ማላኪ በሚገኘው በዚህ ሕንፃ እነሱ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ እናቱ ማሪቱ ሦስተኛው ላይ ይኖራሉ። አባቱ ከሞተ ወዲህ የእናቱ በር ቀን ቀን ተቆልፎ አያውቅም፤ ልጅም ሆነ የልጅ ልጅ ሳያንኳኳ ገፋ አድርጎ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም እሷ ዘንድ ይሰበሰባሉ፤ የሰንበቱን ዳቦ ቆርሳ ለየሰዉ በእጁ ታቀብላለች። ጋን ያቭኔ በመኪና ቅርብ ነው፤ ሰው ወሬ ጀምሮ ሳይጨርስ ይደርሳል። ነገር ግን ማሪቱ በሰንበት መኪና አትሳፈርም፤ በሰንበት ተሳፍሮ የመጣ ሰውም የእሷን ደጃፍ አይረግጥም። ስለዚህ ለሌላው ሰው ቅርብ የሆነው መንገድ፣ ለእሷ ከሳምንቱ በዋናው ቀን ከጎንደር የራቀ ነበር።

አለምነህ ይህን ለመናገር ስንት ምሽት ወደ ላይ ወጥቷል። በወጣ ቁጥር እናቱ በልተሃል ወይ ትለዋለች፤ በልቶ ይወርዳል። ናአማ በሩ ላይ ጠብቃ ነገርካት ስትለው፣ ነገ ይላል። ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘው ነገር እሱኑ ይፈጀው ጀመር። ቤቱን ሊያዩ የሄዱ ዕለትማ፣ ለኦሸር ጫማ ልንገዛ አሽዶድ መሄዳችን ነው ብሎ እናቱን ዋሽቷታል። ሲመለሱ ውሸቱ ባዶ እጁን እንዳይገባ በአሽዶድ ዞረው እውነትም ጫማ ገዙ። ማሪቱ ጫማውን አገላብጣ አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ እጇን በልጁ እግር ላይ አድርጋ፣ ወደ ደግ ቦታ ያድርስህ ብላ መረቀችው። ናአማ ፊቷን አዞረች። አለምነህ ከዚያ ወዲህ ያን ጫማ በር ሥር ተቀምጦ ባየው ቁጥር ዓይኑን ይሰብራል።

መጨረሻው ላይ ሽማግሌ ልላክ አለ። ናአማ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«ሽማግሌማ ሚስት ለመጠየቅ ነው የሚላክ። አንተ ለገዛ እናትህ ነው የምትልክ? ሂድና ንገራት፣ ዜሁ፣ አለቀ።»

እሱ ግን ልማዳችን ነው፣ ከባድ ነገር በሰው አፍ ሲመጣ ይቀላል ብሎ ተከራከረ። እውነትም ልማድ ነው፤ ፍርሃት ለብሶት የሚወጣው ልብስ አያጣም። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ መልስ ካልሰጣችሁኝ ለሌላ እሰጠዋለሁ ብሏል። ቄስ መንገሻ በዚያው ዓርብ ረፋድ ላይ ገደራ ለቅሶ መድረስ ነበረባቸው፤ አለምነህ በመኪናው ሊያደርሳቸው ቃል ስለገባ፣ እንግዲያው በማለዳ መጀመሪያ እናትህ ዘንድ እንግባ አሉት። ነጠላቸውንም ለለቅሶው እንዲሆን አዘቅዝቀው ለብሰው መጡ። የማሪቱ የአጎት ልጅ አያ ቢረሳው ጥቁር ኮታቸውን ደርበዋል። ሦስቱም ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው፤ በሌላ ሰው ደረጃ ላይ እንዲህ ሆኖ የሚወጣ ቡድን ቢያዩ ኖሮ ገና ከሩቅ ያውቁት ነበር። የራስን ነገር ግን ማን ልብ ይለዋል።

ቄስ በጃንጥላቸው እጀታ በሩን አንኳኩ።

ማንም የማያንኳኳው በር ነው። ከውስጥ ይሰማ የነበረው የሳህን ድምፅ ተቋረጠ። ማሪቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከፈተች። መጀመሪያ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ቀጥሎ ትንፋሽ አጥሯቸው ደረታቸውን የያዙትን የአጎቷን ልጅ አየች። መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ኋላ አንገቱን የደፋውን ልጇን አየች።

አለምነህ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት ያየው ያን ጊዜ ነው። የሚያውቀው ፊት ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማለዳ ሽማግሌ ይዞት ይመጣል። አባቱ ሆስፒታል ውስጥ ያረፈ ጊዜ እኚሁ ቄስ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው፣ በዚሁ ደረጃ ወጥተው፣ ይህንኑ በር አንኳኩተው ነበር። እንዴት እንደረሳው ሊገባው አልቻለም። መናገር ነበረበት፤ እናቱ ግን ቀደመችው።

ማሪቱ እንዴት አደራችሁ አላለችም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና በቀጭን ድምፅ፣

«የቷ ናት?» አለች።

ቄስ መንገሻ ነገሩ አልገባቸውም። «ቁጭ በይ ማሪቱ» አሉ በደግ አንደበታቸው። «አይዞሽ። መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ከዚህ የባሰ ቃል ቢፈልጉ አያገኙም ነበር። መርዶ ነጋሪ የሚጀምረው በዚህ ነው። ማሪቱ በዚህ ዓለም ላይ በስጋት የምታስባቸው ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት፣ አሁን ወታደር የሆነችው የአለምነህ ልጅ ሮተም ናት። ሌላዋ ወደ እስራኤል ለመምጣት ጎንደር ከተማ ዓመታት ቁጭ ብላ ተራ የምትጠብቀው እህቷ ማሬ ናት። ማሪቱ ሁለት እጇን አንሥታ ደረቷን መታችና «ሮተሜን!» ብላ ጮኸች። ጩኸቱ በደረጃው ወደ ታች ወረደ።

«ማንም አልሞተም» አለ አለምነህ ሽማግሌዎቹን ገፍቶ እየገባ። «እማዬ፣ ስሚኝ፣ ደኅና ናት።»

ይህም አልጠቀመም። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ደኅና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው ይላል። እናቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ከራሷ ገፍፋ ጥላለች፤ አለምነህ ደኅና ናት ባለ ቁጥር ይብስባታል። አያ ቢረሳው እጃቸውን እያርገበገቡ፣ ኧረ የሰላም ነው፣ የሰላም ነው የመጣነው ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

አለምነህ ስልኩን አውጥቶ ሮተም ዘንድ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ደግሞ ደወለ። አልተነሣም። ያን ጊዜ እሱም ፈራ። ምንም እንዳልሆነች እያወቀ፣ እንዲህ ያለ ጩኸት በከንቱ የጮኸ ሰው ክፉውን ይጠራ ይሆን ብሎ ሰጋ። እናቱ ዓይኗን ከስልኩ ላይ ሳትነቅል ታለቅሳለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውል ግን በእንቅልፍ የጎረነነ ድምፅ፣ አባ ምንድን ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ጥበቃ ላይ ነበርኩ አለው። ስልኩን ከእናቱ ጆሮ ላይ አደረገው።

«ሳፍታ?» አለች ሮተም፣ አያቷን እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ ጠርታ። «ሳፍታ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

ማሪቱ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የልጅቱን ትንፋሽ ስትሰማ ቆየች። ከዚያ ወደ ቄሱ ቀና ብላ «ማሬስ?» አለች። ጎንደር እንደ ሮተም ወዲያው ተደውሎ የሚገኝ አይደለም። ቄስ መንገሻ ጃንጥላቸውን ጥለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጡና፣ በሰንበት እምላለሁ፣ ስለ ማሬ የሰማሁት ክፉ የለም አሏት። ቄሱ በሰንበት ሲምሉ ሰምታ አታውቅም። አመነች።

ሻሿን ፈልጋ ያዘች፤ ግን አላሰረችውም።

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

አያ ቢረሳው አለምነህን አዩት። ቄሱም አዩት። ሽማግሌ የላከው ከዚህች ሰዓት ለማምለጥ ነበር፤ ሰዓቲቱ ግን እሱኑ ፈልጋ መጣች።

«ቤት አገኘን እማዬ» አለ። «ጋን ያቭኔ። ወደዚያ ልንገባ… ካንቺ ፈቃድ ልንጠይቅ ነበር።»

ማሪቱ ልጇን ትክ ብላ አየችው። ፊቷ ላይ እንባው ገና አልደረቀም። ሳቅ መጣባት፤ ሳቁም ከልቅሶው ብዙ አልተለየም።

«ለዚህ ነው?» አለች። «ሂድ ልጄ። ሂዱ። በሕይወት ኑሩልኝ እንጂ የትም ሂዱ።»

እጁን ስባ ሳመችው። ስንት ጊዜ ሲመኘው የከረመውን ቃል አለምነህ በዚህ ዓይነት አገኘው። እናቱን ከገደል አፋፍ አድርሶ፣ እዚያ ላይ ሆና የሰጠችውን ተቀበለ። ሆን ብሎ ያደረገው ሰው ቢኖር ከዚህ የበለጠ አያሳካውም ነበር፤ ሆን ብሎ አለማድረጉም በዚያች ሰዓት አላጽናናውም። አፈረ። እጁ ላይ የእናቱ እንባ እርጥብ እንደሆነ ነበር፤ ለመጥረግም አልደፈረም።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን የማሪቱ ጩኸት ደረጃውን ወርዶ በየመስኮቱ ገብቷል፤ ለቅሶ ሰምቶ ቁጭ የሚል ሰው ደግሞ በሰፈሩ የለም። መጀመሪያ ከጎን ያሉት፣ ቀጥሎ ከማዶው ሕንፃ ያሉት፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መውጣት ጀመሩ። አለምነህ በሩ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ መንገር ነበረበት። የሞተ የለም፣ ቤት ልንቀይር ብለን ነው፣ እናቴ ተሳስታ ነው ይላል። ተሳስታ ነው ባለ ቁጥር አፉን መረረው። የመጣው ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፤ ነጠላውን ያስተካክላል፤ ጋን ያቭኔማ እዚሁ ቅርብ አይደል ብሎ ያጽናናዋል። ከዚያ ግን አይመለስም። ይገባና ይቀመጣል።

ናአማ በቤት ጫማ እየሮጠች መጥታ፣ ነገሩን ከአያ ቢረሳው ሰምታ፣ በሩ ላይ ከባሏ ጎን ቆመች።

«ነገርካት?» አለችው በሹክሹክታ።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ሂዱ አለች።»

ናአማ ወደ ውስጥ አይታ ከንፈሯን ነከሰች። የምትፈልገው ነገር ተሰጥቷት ደስ አላላትም።

ከሁሉም መጨረሻ የሺሐረግ መጣች። ምድር ቤት የምትኖር፣ ጉልበቷን የታመመች፣ ማሪቱ ዘንድ ከወጣች ዘመን ያለፋት ባልቴት ናት። ደረጃውን የወጣችው በየመሀሉ እየተቀመጠች ነው። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ማን ነው ብላ ጠየቀችው።

«የሞተ የለም እማ የሺሐረግ» አለ አለምነህ። «እኔ ነኝ የምሄደው። ቤት ልንቀይር ነው።»

የሺሐረግ በትከሻው በኩል ወደ ውስጥ አየች። ማሪቱ ፀጉሯ እንደተገለጠ በሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። አንዷ ጉልበቷ ላይ እጇን አድርጋላታለች፤ የሚያወራ ሰው የለም። የሰንበቱ ዳቦ በጨርቅ እንደተሸፈነ ጠረጴዛው ላይ ይታያል።

«ከመጣሁማ ልቀመጥ» አለችና አልፋው ገባች።

ረፋዱ ላይ አለምነህ ቄሱን ይዞ ወደ ገደራ ነዳ። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ አለምነህ፣ ለማንኛውም ፈቅዳለች እኮ አባ አለ። እንደ ጥያቄ ነበር ያለው።

«የደነገጠ ሰው የሰጠው ቃል ቃል አይባልም» አሉ ቄስ። «ከሞት የተረፈን ሰው ኮቱን ብትለምነው አውልቆ ይሰጥሃል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሰው ቤት ገባሁ፤ ጥፋቴን ከእሷ ጋር እጨርሳለሁ። አንተ ግን ደግመህ ጠይቃት። ያለ እኛ።»

«ካልፈቀደችስ?»

ቄሱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው መንገዱን ማየት ቀጠሉ። አለምነህም ጥያቄውን አልደገመውም። የናአማ ፊት፣ የኦሸር ትምህርት ቤት፣ ያ ሰፊ መስኮት ያለው ቤት፣ ሁሉም ከመኪናው ጋር አብረውት ይሄዱ ነበር።

ገደራ ድንኳኑ ሰው ሞልቶታል። አለምነህ ቄሱን አድርሶ ሊመለስ አስቦ ነበር፤ ግን ለቅሶ ቤት ደርሶ ሳይቀመጡ መሄድ ነውር ነውና ከዳር ተቀመጠ። የሟቿን ስም እንኳ አያውቅም። አንድ የእሱ እኩያ የሆነ ልጇ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እናቴ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ደውላልኝ ነበር፣ እሑድ እመጣለሁ አልኳት እያለ ለሚመጣው ሁሉ ይናገራል። አለምነህ ሳያስበው ማልቀስ ጀመረ። አላቆም አለው። ሐዘንተኞቹ ይህ ሰው ማን ነው እየተባባሉ ያዩት ጀመር፤ አንዱ ሽማግሌ የሥጋ ዘመድ መስሏቸው ከፊት ቦታ ለቀቁለት። በእናቱ ቤት በሩ ላይ ቆሞ ለሰው ሁሉ ሲመልስ፣ እሱ ራሱ ሳይቀመጥ መቅረቱ ያን ጊዜ ትዝ አለው።

ቂርያት ማላኪ ሲመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሱቆቹ እየተዘጉ ነው፤ የሰንበት ዕቃ የያዙ ሰዎች በጥድፊያ ይገባሉ። ናአማ አንደኛው ፎቅ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ኦሸር ታጥቦ፣ አዲሱን ጫማ አድርጎ ከኋላዋ ያጮልቃል።

የቤቱ ባለቤት ደጋግሞ ደውሏል፣ ሰንበት ሳይገባ ስልኩን እዘጋለሁ አለ፣ ምን ልበለው አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አለምነህ ቆይ አላት። እኔም አብሬህ ልውጣ ስትለው ራሱን ነቀነቀ።

ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቄሱ እጃቸውን ያሳረፉበት ግድግዳ አጠገብ ሲደርስ፣ ሳይደክመው ቆመ። ምን ብሎ እንደሚጀምር አላወቀም። እማዬ፣ ጠዋት ያልሽውን መልሰሽ ውሰጅው ሊላት ይሆን? ብትወስደውስ? ከልቧ አትሂድ ብትለው ለናአማ ምን ይላታል? አውቃው ሂድ ብትለውስ፣ የቅዳሜ ጠዋትን ማን ይመልስላታል? ሁለቱንም መልስ እኩል ፈራቸው። ያም ሆኖ ቀሪውን ፎቅ ወጣ።

እላይ ጸጥ ብሏል። እንግዶቹ ሰንበት ሳይገባባቸው ወደየቤታቸው ሄደዋል። እንደ ወትሮው እጁን ሰድዶ በሩን ገፋው። አልተከፈተም። ጠንከር አድርጎ ገፋው። ተቆልፏል።

ሊያንኳኳ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። ያን በር ዛሬ ደግሞ ማንኳኳት አልቻለም። አፉን ወደ ስንጥቁ አስጠግቶ «እማዬ» አለ።

ከውስጥ ይሰማ የነበረው የእግር ኮቴ ቆመ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ከበሩ ወዲያ፣ በጣም ቅርብ፣ ትንፋሿ ይሰማዋል።

«ብቻህን ነህ?»

አለምነህ ማንም እንደሌለ እያወቀ ዞሮ ደረጃውን አየ።

«ብቻዬን ነኝ» አለ።

ቁልፉ ከውስጥ መዞር ጀመረ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጠራ ነበር።